ቆዳችን በ28 ቀን አይቀየርም

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ ቆዳ ነው። በ28 ቀን አዲስ ቆዳ እንደምናገኝ ቃል ይገባል፤ ከሥሩ ስምንት ነጥቦች ተደርድረዋል። የአክስቴ ልጅ ልካልኝ «እውነት ነው እንዴ?» ስትለኝ ሁለት መስመር መልሼላት ልተወው ነበር። ግን እዚያው ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ገዝታ እንደነበር ነገረችኝ። እንግዲህ ዝም ማለት አልተቻለም።

ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ውሸት ቢሆን ብዙም አልደክምበትም ነበር። ሰው ራሱ ይነቃል። ይኼኛው ግን እውነትና ውሸቱን አንድ ላይ አብስሎታል። ስምንቱ ነጥቦች በሙሉ ማለት ይቻላል የሚስቱትም በአንድ ምክንያት ነው፤ ጸሐፊው ቆዳን አንድ ወጥ ነገር አድርገው ያዩታል። ቆዳ ግን ድርብርብ ነው። አንድ ነገር ቆዳ ላይ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የትኛው ንብርብር ድረስ እንደሚገባ መጠየቅ ግድ ነው። እሳቸው አንዴም አልጠየቁም። በነጥቦቹ ቅደም ተከተል ልሂድ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ነጥብ ቆዳ የሞተ መሸፈኛ ነው፣ ሕይወት ያለው ከሥሩ ያለው ሥጋ ነው ይላል።

ግማሹ ልክ ነው። የላይኛው ንብርብር፣ ኤፒደርሚስ የሚባለው፣ በጣም ቀጭን ነው። ዓይን ቆብ ላይ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ውስጥ እግር ላይ ደግሞ እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ደም ሥር የለውም። ወረቀት ጣታችንን ጫር አድርጎን ደም ሳይወጣ የሚቀረው ለዚህ ነው። የዚህ ንብርብር የላይ የላዩ ሴሎች በእርግጥም ሞተዋል። ግን ሞተውም ሥራ ላይ ናቸው። ኬራቲን በሚባል ጠንካራ ፕሮቲን ተሞልተው፣ ጠፍጠፍ ብለው፣ በመሐላቸው ቅባት ይዘው ተደራርበዋል፤ የሰውነታችን ውሃ ተንኖ እንዳያልቅ፣ ጀርም እንዳይገባ የሚከለክሉት እነሱ ናቸው። ሰፊ ቃጠሎ የደረሰበት ሰው ሆስፒታል ሲገባ ሐኪሞች መጀመሪያ ከሚጨነቁባቸው ነገሮች አንዱ ፈሳሽ ነው። ያ የሞተ የተባለው መሸፈኛ ስለሌለ ውሃው ዝም ብሎ ይወጣል።

ከሞቱት ሥር ያሉት ደግሞ ሕያው ናቸው። ከታች ይከፋፈላሉ፣ ወደ ላይ ይገፋሉ። በመሐላቸው ቀለም የሚያመርቱ ሴሎች አሉ፣ የበሽታ መከላከያ ዘበኞችም አሉ። እነዚህን ዘበኞች በ1868 ያገኛቸው ፖል ላንገርሃንስ የሚባል ጀርመናዊ የሕክምና ተማሪ ነው። ቅርንጫፍ ቅርንጫፋቸውን አይቶ የነርቭ ሴል ናቸው ብሎ ነበር። ትክክለኛ ሥራቸው የታወቀው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ስማቸው ግን እስከዛሬ የላንገርሃንስ ሴሎች ነው።

ከኤፒደርሚስ ሥር ዴርሚስ አለ። ዋናው ቆዳ ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የኮላጅን ክሮች፣ የመለጠጥ ችሎታ የሚሰጡ ክሮች፣ ደም ሥሮች፣ ነርቮች፣ የላብ ዕጢዎች፣ የፀጉር ሥሮች ሁሉ እዚህ ናቸው። ሞጆ ያሉ የቆዳ ፋብሪካዎች ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን ከማናችንም በላይ ያውቀዋል። የበግ ሌጦ ሲመጣለት ፀጉሩንና የላይኛውን ንብርብር በኖራ ያነሣዋል፣ ከውስጥ በኩል ያለውን ሥጋና ስብ ይፍቀዋል። የሚቀረው ዴርሚስ ነው። ጫማችንም ጃኬታችንም እሱ ነው። ከዴርሚስ ሥር ደግሞ የስብ ንብርብር አለ፤ ከብርድና ከምት ይጠብቃል፣ ጉልበትም ያከማቻል።

ስሜትን ደግሞ ጸሐፊው ጭራሽ ረስተውታል። ቃሪያ ስትከትፉ ወይ ሚጥሚጣ ስትነኩ እጃችሁ እንደ እሳት የሚለበልበው ለምንድን ነው? እሳት የለም፣ ቴርሞሜትር ብታስጠጉ ሙቀቱ አልጨመረም። ነርቮቻችን ጫፍ ላይ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ሙቀት ሲመጣ የሚከፈት አንድ በር አለ። የቃሪያ ማቃጠያው ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ ያንኑ በር ይከፍታል። አእምሮ የሚደርሰው መልእክት ያው «ተቃጠልክ» የሚል ነው። ይህን በር ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ ነው፤ ግፊትን የሚለዩትን ደግሞ አርደም ፓታፑቲያን አገኘ። በ2021 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ለሁለት ተካፈሉት። የሞተ መሸፈኛ ለኖቤል አያበቃም።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ እምብርት ነው። ቆዳ በየ28 ቀኑ ሙሉ በሙሉ ስለሚቀየር ጠባሳም ሆነ ሸንተረር፣ ማንኛውም ምልክት በአንድ ወር ክሬም ይጠፋል ይላል።

28 ቀን የሚለው ቁጥር ከሰማይ አልወረደም። አንድ ሴል ከኤፒደርሚስ ወለል ተነሥቶ ላይ ደርሶ እስኪረግፍ ድረስ በወጣት ሰው ላይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ ዕድሜ ሲገፋ ይዘገያል። የሚቀየረው ግን ኤፒደርሚስ ብቻ ነው። ዴርሚስ እዚያው ነው።

ይህን ለማየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። እንሶስላ የሞቀች ሙሽራ እጇንና እግሯን ተመልከቱ። ያ ያማረ ቀለም የተያዘው በላይኞቹ የሞቱ ሴሎች ኬራቲን ላይ ነው። ሴሎቹ ይረግፋሉ፣ ቀለሙም አብሮ ይረግፋል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የለም። መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ደምቆ የሚይዘውም እዚያ የሞተው ንብርብር ወፍራም ስለሆነ ነው። አሁን ደግሞ የአያቶቻችንን አንገት ተመልከቱ። ንቅሳቱ በልጅነታቸው ነው የተነቀሰው። ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸውም መስቀሉ አለ፣ ክቡም አለ። መርፌው ቀለሙን ኤፒደርሚስን አሳልፎ ዴርሚስ ውስጥ ስለከተተው ነው። እዚያ ባዕድ ነገር የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች ቀለሙን ይውጡታል፤ ግን ሊፈጩት አይችሉም። በ2018 በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው ሴሉ ሲሞት ቀለሙ ይለቀቃል፣ አጠገቡ ያለው አዲስ ሴል ደግሞ ተቀብሎ ይውጠዋል። ርስት ነው እንግዲህ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ። እስራኤል ሄደው ንቅሳታቸውን ማስለቀቅ የፈለጉ ብዙ እህቶቻችን ወደ ሌዘር እንጂ ወደ ክሬም ያልሄዱት ለዚህ ነው። ሌዘር ቀለሙን ይሰባብረዋል፤ ደቃቁን ሰውነት ቀስ በቀስ ጠርጎ ያወጣዋል።

ጠባሳና ሸንተረርም ቤታቸው ዴርሚስ ነው። ከወሊድ በኋላ ሆድ ላይ የሚቀረው ሸንተረር የተበጠሱና የተዘበራረቁ ክሮች ምልክት ነው። ጊዜ ያደበዝዘዋል፣ ሕክምናም ሊያሻሽለው ይችላል። በ28 ቀን የሚያጠፋው ክሬም ግን የለም። ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ሦስተኛው፣ ቆዳ ይተነፍሳል፣ ቫዝሊንና ቅቤ ያፍኑታል። ቶሎ እናልፈዋለን። የላይኛው የቆዳ ክፍል፣ ከ0.25 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህሉ፣ ኦክስጅኑን ከአየር እንደሚወስድ ተለክቷል። ለራሱ ነው። ለቀረው አካላችን የሚደርሰው ከጠቅላላ ፍጆታችን 1 በመቶ አይሞላም። በቆዳዋ የምትተነፍሰው እንቁራሪት ናት። ቫዝሊን የሚያፍነው ትንፋሽን ሳይሆን ውሃን ነው፤ ጥቅሙም እሱ ነው። ራሱ ውሃ ስለሌለው ግን የደረቀ ቆዳ ላይ ብቻውን ብዙ አይረዳም፣ ታጥባችሁ እርጥበቱ ሳይጠፋ ተቀቡት። ብጉር የሚያስቸግረው ፊት ላይ ቅቤ መቀባት የራሱ ጣጣ አለው፣ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ያ ግን ሌላ ወሬ ነው።

አራተኛው ላብ ነው። ላብ መርዝ ስለሚያወጣ ላስቲክ ተጠቅልሎ መሮጥና ወይባ መሞቅ ደምን ያጠራል ይላል።

ደም የሚያጠሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። ላብ 99 በመቶው ውሃ ነው። የቀረው በአብዛኛው ጨው ነው፤ ሌላው ሌላው እፍኝ አይሞላም። ሰውነታችን ላይ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱ የላብ ዕጢዎች ያሉት ለማቀዝቀዝ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳችን ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ልብ በሉ፣ ሲተን ነው ያልኩት። ተንጠባጥቦ መሬት የወደቀ ላብ አላቀዘቀዘንም፣ ውሃችንን ብቻ ነው የወሰደው።

የዶሃውን የ2019 የዓለም ሻምፒዮና ያየ ይህን ያስታውሳል። የሴቶች ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ ወደ እኩለ ሌሊት ተወስዶ ነበር። ሙቀቱ እንደዚያም ሆኖ 32 ዲግሪ ያህል፣ የአየሩ እርጥበት ደግሞ ከ70 በመቶ በላይ ነበር። አየሩ በውሃ ስለጠገበ ላብ አይተንም። ከ68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ፤ የእኛዎቹ ሦስቱም ከእነሱ መሐል ነበሩ። ደጋ ላይ ያደገ፣ በዓለም ስመ ጥር የሆነ እግር ምንም ማድረግ አልቻለም። የባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋ ወራት እኩለ ቀን ላይ ደጅ መሥራትን በሕግ የሚከለክሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። እዚያ የሚሠሩ ዘመዶች ያሏችሁ ይህን ንገሯቸው፦ ላብ እየወረደ ሰውነት የማይቀዘቅዝ ከሆነ፣ ራስ ካዞረና ንግግር ከተወላገደ፣ ጉዳዩ የድካም አይደለም። ወዲያው ጥላ፣ ውሃና ሐኪም ያስፈልጋል።

ላስቲክ መጠቅለል ማለት እንግዲህ የዶሃን አየር በገዛ እጅ ጃኬት ውስጥ መፍጠር ነው። በ1997 አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ትግል ስፖርተኞች ክብደት ለመቀነስ ላብ የማያስወጣ ልብስ ለብሰው ሲሠሩ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ሞተዋል። የሚቀንሰው ኪሎም ውሃ ነው፣ ስትጠጡ ይመለሳል። ወይባን በተመለከተ ጠብ የለኝም። ደስ ይላል፣ ይሸታል፣ አራስን ያዝናናል። መርዝ ያወጣል አትበሉ ብቻ።

አምስተኛው ነጥብ ብዙ ሰው ስለሚያምንበት ረዘም አደርገዋለሁ። ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይነካውም፣ ሀገራችን የ13 ወር ፀጋ ናት፣ ስለዚህ ሰንስክሪንም የቫይታሚን ዲ ጭንቀትም የፈረንጅ ነው ይላል።

መጀመሪያ ቀለሙን እንይ። ጸሐፊው ጥቁር ሰው ቀለም አምራች ሴሎቹ ብዙ ናቸው ብለዋል። አይደሉም። ሜላኖሳይት የሚባሉት እነዚህ ሴሎች ቁጥራቸው በነጭም በጠይምም በጥቁርም ቆዳ ላይ ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ያለው በሚያመርቱት ሜላኒን የሚባል ቀለም መጠንና ዓይነት፣ ሜላኒኑን በሚይዙት ከረጢቶች ትልቀት፣ እንዲሁም ከረጢቶቹ በአጎራባች ሴሎች ውስጥ ተበትነው ወደ ላይ እስኪደርሱ አለመፈራረሳቸው ላይ ነው። ሜላኒኑ በሴሉ አስኳል ላይ እንደ ቆብ ይቀመጥና ዘረመሉን ከአልትራቫዮሌት ጨረር ይጋርደዋል።

ይህ ጥላ ምን ያህል ነው? በላቦራቶሪ ሲለካ የጥቁር ሰው ኤፒደርሚስ 13 ቁጥር ሰንስክሪን ያህል ይከላከላል፤ የነጭ ሰው 3 ገደማ። ትልቅ ጸጋ ነው። ግን 13 ማለት ገደብ የለውም ማለት አይደለም። ከባሕር ወለል ወደ ላይ በ1000 ሜትር በወጣን ቁጥር ጨረሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ያውም ለምድር ወገብ ቀርባ። ብርድ ብርድ እያለን የምንቃጠለው ለዚህ ነው። አልቢኖ ወገኖቻችን ይህን ጥላ ሳይዙ ተወልደው በዚሁ ፀሐይ ሥር ይኖራሉ፤ ለእነሱ ሰንስክሪን፣ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ቅንጦት ሳይሆን ከቆዳ ካንሰር መዳኛ ናቸው።

«ጥቁር የቆዳ ካንሰር አይዘውም» ለሚለው አንድ ስም ብቻ ልጥራ፦ ቦብ ማርሊ። ሻሸመኔን በ1978 የጎበኘው፣ በ1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ የተባለው ቦብ። በ1977 በእግር ጣቱ ጥፍር ሥር የተገኘው ሜላኖማ ነበር፤ ከቀለም አምራች ሴሎች የሚነሣ ካንሰር። በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። ጥቁር ቆዳ ላይ ሜላኖማ ብርቅ ነው፣ እውነት ነው። ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፀሐይ በማያየው፣ ሜላኒንም ባነሰበት ቦታ ነው፤ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። ሰው «እሾህ ወግቶኝ ነው»፣ «ኳስ ስጫወት ነው» እያለ ይዘገያል። እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም አዲስ ጥቁር መስመር እዚያ ካያችሁ ለሐኪም አሳዩ።

ወደ ቫይታሚን ዲ። ቆዳችን ይህን ቫይታሚን ራሱ ይሠራዋል፤ ከኮሌስትሮል የሚቀራረብ አንድ ንጥረ ነገር ኤፒደርሚስ ውስጥ አለ፣ አልትራቫዮሌት ቢ ሲመታው ይለወጣል። ግን ፀሐይ ሀገር ላይ መውጣቷ አይበቃም፣ ቆዳ ላይ ማረፍ አለባት። ሕፃኑ ምች እንዳይመታው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ተብሎ በጋቢ ተጠቅልሎ ጨለማ ክፍል ከከረመ 13ቱ ወር አይደርስበትም። በመስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይም አይሠራም፣ መስታወት አስፈላጊውን ጨረር ያስቀረዋል። ውጤቱ ሪኬትስ ነው፣ የአጥንት መልፈስፈስ። በ1997 የታተመ፣ አዲስ አበባ ኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። የሳንባ ምች ይዟቸው ከመጡ 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ግን 20ዎቹ ብቻ። የጎድን አጥንቱ የላላ ሕፃን ሳንባው እንዴት ይጠንክር? በፀሐያማዋ ከተማችን ውስጥ ነው ይህ የሆነው። ወደ እስራኤል የሄዱ ወገኖቻችን ላይም የቫይታሚን ዲ እጥረት በብዛት ተገኝቷል። በተለይ እናቶች ላይ። የጨለመ ቆዳ ለዚህ ሥራ ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል፣ እዚያ ደግሞ ኑሮው ቤት ውስጥ ሆነ።

ስድስተኛው፣ ማድያትና ጥቁር ነጠብጣብ ለማጥፋት ሎሚ፣ ቤኪንግ ሶዳና የጥርስ ሳሙና ተቀላቅሎ ይታሻል፤ ካልለቀቀ የሚያቀላ ክሬም ይጨመራል። እዚህ ላይ በእውነት ተናድጃለሁ።

የቆዳችን ገጽ ትንሽ አሲድ ነው፤ ፒኤች በሚባለው የአሲድነት መለኪያ (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 5 ገደማ። ሎሚ 2 ነው። ቤኪንግ ሶዳ በተቃራኒው 8 አለፍ ይላል። አንዱ ይፍቃል፣ ሌላው ያቃጥላል። የተቆጣ ቆዳ ምን ያደርጋል? ሜላኒን ያፈስሳል፤ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ። ጥቁሩን ለማጥፋት ሲያሹ ጥቁሩን ያመርታሉ ማለት ነው። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ከተጨመረበት ደግሞ በውስጡ ያሉ ንጥረ ነገሮች ከጨረሩ ጋር ተባብረው ውኃ የቋጠረ ቃጠሎ ያስነሣሉ፣ ምልክቱ ለወራት ይቆያል። የአክስቴ ልጅ፣ ሎሚውን ለሰላጣ አድርጊው።

ማድያት ላይ ደግሞ ጸሐፊው ዋናውን አልፈውታል። ማድያትን የሚያባብሰው አልትራቫዮሌት ብቻ አይደለም፣ በዓይን የሚታየው ተራ ብርሃንም ነው፣ በተለይ በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ። ሲቀቡት የማይታየው ሰንስክሪን ይህን ብርሃን በደንብ አይከለክልም። የብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ ከቆዳ ጋር የሚመሳሰል ቀለም ያለው ሰንስክሪን ይሻላል።

የሚያቀሉ ክሬሞችን ነገር በደንብ ማወቅ የፈለገ ፋርማሲ ባንኮኒ ኋላ ትንሽ ይቁም። እኔ ቆሜአለሁ። መጀመሪያ የምትመጣው ደስ ብሏት ነው፤ ፊቷ ጠርቷል። ከወራት በኋላ ስትመጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ክሎቤታሶልን የመሰለ ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። ለችፌ በሐኪም ትእዛዝ፣ ለአጭር ጊዜ ሲሆን ግሩም መድኃኒት ነው። በየቀኑ ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ግን ዴርሚሱን ያሳሳዋል፤ ደም ሥሮቹ ይታያሉ፣ ብጉር ይፈላል፣ ሸንተረር ይወጣል። ሲቆም ፊት ይቀላል፣ ይለበልባል፣ ስለዚህ ተመልሳ ትቀባለች። ሌላው የሚያቀላ ንጥረ ነገር፣ ሃይድሮኪኖን፣ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲሆን የባሰ ነገር ያመጣል፤ ሰማያዊ የሚመስል ጥቁረት ጉንጭ ላይ ይቀመጣል። ያ ቀለም ያለው ዴርሚስ ውስጥ ነው። ንቅሳቱን አስታውሱ፣ እዚያ የገባ በ28 ቀን አይወጣም። ፊት ቀልቶ የጣት አንጓዎች እንደጠቆሩ መቅረታቸውም ቅባቱ ሁሉን እኩል እንደማይነካ ያሳያል።

ሜርኩሪ ያለበት ክሬም ደግሞ ቆዳ ላይ አይቆምም። ወደ ደም ይገባል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ እናት ፊቷ ላይ የተቀባችው ልጇንም ይነካል። ሚናማታ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በመጀመሪያ ከሚሊዮን 1 እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸውን መዋቢያዎች ነበር የከለከለው። በ2023 አባል አገሮቹ ያንንም ትንሽ ገደብ አንሥተው እስከ 2025 ድረስ ጨርሶ እንዲታገድ ተስማሙ። ዝርዝሩ ያልተጻፈበት፣ ወይም አንድ ነጋዴ ራሱ በጣሳ ቀላቅሎ የሚሸጠው ክሬም ውስጥ ምን እንዳለ ነጋዴውም አያውቅም።

ሰባተኛው ነጥብ አልማዝ ባለጭራ ሸረሪት ሸንቶብን ነው የሚወጣው፣ አመድና ቅጠል ያድነዋል የሚል ነው።

የተለመደ ወሬ ነው። ግን የሚወጣበትን ቦታ አስተውሉ። በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ከጀርባ ተነሥቶ በጎን ዞሮ ደረት መሐል ሲደርስ ይቆማል፣ ወደ ሌላኛው ወገን አይሻገርም። እንዲህ መስመር ጠብቃ የምትሸና ሸረሪት የት አለች? መስመሩ የነርቭ መስመር ነው። በልጅነታችን የያዘን ጉድፍ፣ ሐኪሞች ቺክንፖክስ የሚሉት፣ ሲለቀን ቫይረሱ ከአከርካሪያችን አጠገብ ያለ የነርቭ ሥር ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም የመከላከል አቅም ሲደክም ይነቃና ያንን አንድ ነርቭ ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወጣል። ሽፍታው ሳይታይ ቦታውን ቀድሞ የሚያመው ለዚህ ነው። እንደ አሳይክሎቪር ያለ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው ይበልጥ የሚጠቅመው። አመድ እየነሰነሱ ሦስት ቀን ማሳለፍ ማለት ያችን ዕድል ማሳለፍ ነው። ዓይን አካባቢ ከወጣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ወጣት ሰው ላይ ሲወጣ የኤችአይቪ ምርመራ የሚመከረውም ስለ መከላከል አቅሙ ለማወቅ ነው እንጂ ለመክሰስ አይደለም።

የመጨረሻው፣ ስምንተኛው፣ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ዝሆኔ በዘር የሚመጣ ስለሆነ ምንም አይደረግለትም ይላል። ከስምንቱ በጣም አጭሩ ነው፣ ጉዳቱ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

በደጋማው አካባቢያችን ያለው ዝሆኔ በአብዛኛው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ነው። ትንኝ አያመጣውም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ምክንያቱ በባዶ እግር ለዓመታት ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር መርገጥ ነው። የአፈሩ ደቃቅ ማዕድናት በውስጥ እግር ቆዳ በኩል ይገባሉ፣ ትርፍ ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ቱቦዎች ያስቆጣሉ፣ ይደፍናሉ፣ ፈሳሹ መመለሻ አጥቶ እግር ያብጣል። ይህን ያረጋገጠው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረ ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ነው፣ በ1970ዎቹ። በሀገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳለበት ተገምቷል።

ዘር የሚለው ከየት መጣ? ከእውነት። በ2012 የታተመ፣ በወላይታ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ለዚህ ማዕድን ይበልጥ የሚቆጣ የመከላከያ ሥርዓት እንዳላቸው አሳይቷል። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው የሚታመመው በዚህ ነው። ግን ያ ሰው ከልጅነቱ ጫማ ቢያደርግ አፈሩ አይገባም፣ አፈሩ ካልገባ ደግሞ እግሩ አያብጥም። ዘሩ ያው ነው፣ እግሩ ጤነኛ ነው። «በዘር ነው» በሚል ወሬ ስንት ትዳር ፈርሷል፣ ስንት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቷል።

ያበጠውም ቢሆን ይታከማል። እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ በጣም በቀጠነ በረኪና መዘፍዘፍ፣ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፤ ሦስተኛው ነጥብ ላይ ያፍናል የተባለው ያው ቫዝሊን፣ የተሰነጠቀውን ቆዳ ዘግቶ ጀርም እንዳይገባ የሚያግዘው እሱ ነው። ከዚያ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ። በምሥራቅ ጎጃም ተሞክሮ ውጤቱ በ2018 ታትሟል፤ እንክብካቤው ትኩሳትና ብርድ ብርድ እያስባለ የሚነሣውን ሕመም ይቀንሳል። እብጠቱም ይጎድላል።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም፣ ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ጽሑፋቸውን ለማረም ጊዜ ካጡ ግን ሁለቱን ነጥቦች ብቻ ያስቀድሙልኝ፤ የሚያቀላ ክሬሙንና የዝሆኔውን። የቀሩትን ቀስ ብለው ይድረሱባቸው።